በካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ታካሚ ስለ ጤናው የሚሰጠው ቃል በስልክና በኮምፒዩተር ሲሰበሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጎጃም ኬሞቴራፒ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ፊት ለፊት የሚያገኘው በአብዛኛው በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ ነው። ለዚያም ቢሆን ከገጠር ተነሥቶ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ድረስ መጓዝ ይኖርበታል፤ የጨረር ሕክምና ታዞለት አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የሚሄደው ደግሞ ከደብረ ማርቆስ እንኳ ቢነሣ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቀዋል። በሁለት ቀጠሮ መካከል ያሉት ቀናት የሚያልፉት ቤት ውስጥ ነው፤ ማቅለሽለሹ፣ የአፍ ቁስለቱ፣ ተቅማጡና ትኩሳቱ የሚመጡትም በእነዚሁ ቀናት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ከታካሚዎች፣ ከአስታማሚዎችና ይህን አሠራር ለመጀመር ከሚያስቡ ባለሙያዎች የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው።

«ታካሚው ራሱ የሚሰጠው የጤና መረጃ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የደም ምርመራ ውጤት ከላቦራቶሪ፣ የዕጢው መጠን ከሲቲ ስካን ይገኛል። ሕመሙ ምን ያህል እንደበረታ፣ ምግብ ያስጠላ እንደሆነ፣ ሌሊቱ በእንቅልፍ ማለፍ አለማለፉን ግን ከታካሚው ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ታካሚው ስለ ራሱ ሁኔታ የሚሰጠውና ሐኪምም ሆነ ሌላ ሰው ሳይተረጉመውና ሳያርመው እንዳለ የሚመዘገበው ቃል ነው በዚህ ስም የሚጠራው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ያስቀመጠው ትርጉምም ይኸው ነው። ቃሉ በወረቀት ፋንታ በስልክ፣ በታብሌት ወይም በኮምፒዩተር ሲሰበሰብ ኤሌክትሮኒክ ይሆናል። ከኤሌክትሮኒክ የሕክምና ካርድ ጋር ግን መምታታት የለበትም፤ ካርዱ ላይ የሚጽፈው ባለሙያው ሲሆን እዚህ ላይ የሚናገረው ታካሚው ነው።

ሐኪሙ በቀጠሮዬ ቀን ይጠይቀኝ የለም ወይ? ሌላ መጠየቂያ ለምን አስፈለገ?

ይጠይቃል። ችግሩ ያለው መልሱ ላይ ነው። አንዲት እናት «እናቴ፣ እንዴት ሰነበቱ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ ሌሊቱን ሲያስመልሳቸው ያደሩ ቢሆኑ እንኳ የመጀመሪያ መልሳቸው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። ዋሹ አይባልም፤ ሰላምታ መለሱ እንጂ። ፈጣሪን ሳያመሰግኑ ወደ ስሞታ መግባትም በአገራችን ነውር ነው። ሐኪሙ በበኩሉ ደጅ የሚጠብቀውን ሰልፍ እያሰበ «ተመስገን»ን እንደ ምርመራ ውጤት ይቆጥረውና ካርዱ ላይ ችግር እንደሌለ ይጽፋል። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ሐኪሞች ታካሚዎቻቸው ከሚሰማቸው ምልክት እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ሳያውቁት እንደሚያልፉ አሳይተዋል፤ እኛ ዘንድ ጨዋነቱ ሲጨመርበት ጉድለቱ የሚቀንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላም አለ። ቀጠሮው የሚውለው ታካሚው በሚያገግምበት ሰሞን ነው። ኬሞው በተሰጠ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የነበረው ማስመለስና በሁለተኛው ሳምንት የነበረው መዛል ሦስተኛው ሳምንት ሲገባ ቀለል ይልና ሰውየው እውነትም ደህና ሆኖ ሐኪሙ ፊት ይቀርባል። በእኔ እምነት የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም «እንዴት ሰነበቱ?»ን ከሰላምታነት ማላቀቁ ነው። «ባለፉት 7 ቀናት አስመልሶዎታል? ስንት ጊዜ?» ለሚል ጥያቄ «ተመስገን» ብቻውን መልስ አይሆንም።

ምን ምን ይጠየቃል?

በዓለም ላይ በሰፊው ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ያዘጋጀው ሲሆን 78 ምልክቶችን በ124 ጥያቄዎች ይዟል፤ ማንም ግን ሁሉንም አይጠየቅም፤ ለታካሚው የካንሰር ዓይነትና መድኃኒት የሚስማሙት ብቻ ይመረጣሉ። ጥያቄዎቹ ባለፉት 7 ቀናት ምልክቱ ስንት ጊዜ እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደበረታና የዕለት ሥራን ምን ያህል እንዳስተጓጎለ ይጠይቃሉ። የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት መጠይቅ 30 ጥያቄዎች አሉት፤ ይህኛው ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በአዲስ አበባ በካንሰር ታካሚዎች ላይ ተፈትኗል። በካናዳ ኤድመንተን እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው አጭር መለኪያ ደግሞ ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ወስዶ ከ0 እስከ 10 ያስቆጥራል።

ለሳምንታዊ ክትትል ከ10 እስከ 12 ጥያቄ በቂ ነው ባይ ነኝ። 30 ጥያቄ በየሳምንቱ የሚቀርብለት ሰው በአራተኛው ሳምንት ሁሉንም «የለም» እያለ ማለፍ ይጀምራል።

በእርግጥ ጥቅም እንዳለው ተረጋግጧል?

ብዙ የተጠቀሰው ጥናት ኒው ዮርክ ውስጥ በሚገኘው መሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል፣ በዶክተር ኢታን ባሽ መሪነት፣ ካንሰራቸው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል በተሠራጨ 766 ታካሚዎች ላይ የተደረገው ነው። ታካሚዎቹ በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ 12 የተለመዱ ምልክቶችን በኮምፒዩተር ሲያሳውቁ፣ የቀሩት እንደ ወትሮው ታከሙ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ውጤት መሠረት የኑሮ ጥራታቸው የተሻሻለላቸው ከሚያሳውቁት 34 በመቶ፣ ከቀሩት 18 በመቶ ነበሩ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሄዱትም 34 በመቶ በ41 በመቶ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የታተመው ውጤት ደግሞ መካከለኛው የሕይወት ዘመን (ከታካሚዎቹ ገሚሱ ቢያንስ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ) በሚያሳውቁት ዘንድ 31.2 ወር፣ በሌሎቹ ዘንድ 26 ወር መሆኑን አሳየ። በፈረንሳይ በሳንባ ካንሰር ታካሚዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናትም 19 ወርን ከ12 ወር ጋር አነጻጽሮ ወደዚያው ያመራ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በ52 የአሜሪካ የሕክምና ተቋማት 1,191 ታካሚዎችን ይዞ የተካሄደው ኋለኛውና ሰፊው ጥናት ታካሚዎቹ የዕለት ሥራቸውን የመሥራት አቅማቸውና የምልክት ቁጥጥራቸው እንደተሻሻለ ቢያሳይም፣ በሕይወት ዘመን ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ለታካሚ «ይህን ብትሞሉ ዕድሜያችሁ ይረዝማል» ብሎ ቃል መግባት ተገቢ አይደለም። ሥቃይን ቶሎ አውቆ ቶሎ ለማከም እንደሚረዳ መናገር ግን ይቻላል፤ የአውሮፓ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ በመድኃኒት ሕክምና ላይ ላሉ ታካሚዎች ይህ ክትትል እንዲደረግ መክሯል።

ስማርት ስልክ የለኝም፤ ማንበብም አልችልም። ይህ ነገር ለእኔ ይሆናል?

ይሆናል፤ እንዲያውም ለእርስዎ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል። በኒው ዮርኩ ጥናት ከዚያ በፊት ኮምፒዩተር ነክተው የማያውቁት ታካሚዎች ያገኙት ጥቅም ከለመዱት በልጦ ተገኝቷል። በሰፊው ጥናት ደግሞ ታካሚዎች ከኢንተርኔትና ከድምፅ ስልክ እንዲመርጡ ሲደረግ ከሦስቱ አንድ ያህሉ የመረጡት ስልኩን ነበር፤ ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ይጠራል፣ የተቀዳ ድምፅ ይጠይቃል፣ ታካሚው ቁጥር ይጫናል። ለዚህ ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ይበቃል። በአማርኛ በቀስታ የተቀዳ ድምፅ «ምንም ካልሆነ 1ን፣ ትንሽ ከሆነ 2ን ይጫኑ» ቢል፣ ፊደል ያልቆጠሩ አባትም ያለ አስነባቢ ሊመልሱት ይችላሉ።

አጭር የጽሑፍ መልእክት ቀላል መስሎ ቢታይም ለአማርኛ አይመችም። በላቲን ፊደል 160 ሆሄ የሚይዘው አንድ መልእክት በግእዝ ፊደል ሲጻፍ የሚይዘው 70 ብቻ ስለሆነ፣ ጨዋ በሆነ አማርኛ የተጻፈ አንድ ጥያቄ ሁለት መልእክት ይሆናል፤ አሮጌ ስልኮች ላይ ደግሞ ፊደሉ በባዶ ሣጥን ይተካል። በላቲን የተጻፈ አማርኛ ለወጣቱ ቢለመድም እናቱ አያነቡትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ታብሌት መጠቀም በለመዱባቸው ቀበሌዎች በቤት ለቤት ጉብኝታቸው ጥያቄዎቹን ቢያደርሱ፣ ሌላ መንገድ ይከፈታል።

ኔትወርክ ወይም መብራት ሲጠፋስ?

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን፤ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ ሥርዓት በዚያ ሰሞን ያለ ጥርጥር ይቆም ነበር። ስለዚህ እዚህ የሚዘረጋ አሠራር ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ያለ ኢንተርኔት መዝግቦ መስመሩ ሲመለስ የሚልክ መተግበሪያ (ኦዲኬና ኮቦ የሚባሉት ተመራማሪዎቻችን የለመዷቸው እንደዚህ ይሠራሉ)፣ የድምፅ ጥሪ፣ እንዲሁም በቀጠሮ ቀን የሚሞላ የወረቀት ቅጽ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ዝምታን ማንበብ ያስፈልጋል። መልስ ያልላከ ታካሚ ባትሪ አልቆበት ይሆናል፤ ስልኩን ማንሣት የማይችልበት ደረጃ ደርሶም ይሆናል። በሰፊው የአሜሪካ ጥናት ከሚጠበቁት ሳምንታዊ መልሶች 91.5 በመቶ ያህሉ የመጡት መልስ ላልሰጡት ሰው እየደወለ ያስታውሳቸው ስለነበር ጭምር ነው።

መጠይቁን ወደ አማርኛ መተርጎም ብቻውን ይበቃል?

አይበቃም። ሥራው በአብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

«የመንፈስ ጭንቀት ነበረብዎት?» የሚለው ጥያቄ በትክክል የተተረጎመ ነው፤ ነገር ግን የሜጫ ገበሬ «የለም» ብሎ ያልፈዋል። «ሆድ ብሶዎት ያውቃል? ያስከፋዎታል?» ቢባል ግን እንባው ሊቀድም ይችላል። ማቅለሽለሽ የሚለውን የማይቀበል ሰው «ልቤን ያጥወለውለኛል» ይላል፤ እንዲሁም «ልቤን አመመኝ» ሲል ብዙ ጊዜ እጁን የሚያኖረው ጨጓራው ላይ ስለሆነ፣ ቃሉን ብቻ ሰምቶ የልብ ሕመም ብሎ የሚመዘግብ ሥርዓት ያሳስታል። «ድካም» ደግሞ ለገበሬ ከሥራ የሚመጣ የተለመደ ነገር ስለሆነ «ድካምማ ያለ ነው» ይባላል። ከዚህ ይልቅ «እንጀራ ሲጋግሩ መሐል ላይ ተቀምጠው ማረፍ አስፈልጎዎታል?» ብሎ መጠየቅ ትክክለኛ መልስ ያመጣል።

የመጠን ቃላትም እንዲሁ ይፈተናሉ። «ትንሽ» እና «በመጠኑ» በወረቀት ላይ ሁለት ደረጃዎች ናቸው፤ በንግግር ግን ብዙ ሰው አይለያቸውም። ከ0 እስከ 10 መቁጠር ለአንዳንዱ ቀላል ነው፤ ለሌላው ጣቶቹን ዘርግቶ «ሕመሙ ስንቱን ጣት ያህል ነው?» ማለት ይሻላል። «ባለፉት 7 ቀናት» የሚለውን ሐረግ «ካለፈው የቅዳሜ ገበያ ወዲህ» በሚል መደገፍ ይቻላል። በጾም ወራት የምግብ ፍላጎት ሲጠየቅ ሰውየው የተወው አስጠልቶት ይሁን ጾሞ እንደሆነ ካልተለየ መልሱ ዋጋ የለውም።

ሰዓቱም አለ። በውጭ አገር የተሠራ መተግበሪያ ጥሪውን «3 ሰዓት» ላይ እንዲያደርግ ሲታዘዝ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ታካሚውን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል፤ የቀጠሮው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካልተጻፈም ሰው በተሳሳተ ቀን ይመጣል። ይህን የመሰለውን ስሕተት ከቢሮ ሆኖ ማየት ስለማይቻል፣ መጠይቁ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ጥቂት ታካሚዎች ፊት ተቀምጦ «ይህ ጥያቄ ምን ማለት ይመስልዎታል?» እያሉ በራሳቸው ቃል ማስደገም ያስፈልጋል። በመጨረሻም ጎጃም በአማርኛ ብቻ የሚናገር አገር አይደለም፤ በእንጅባራና በአካባቢው ለሚኖሩት የአዊ እናቶች ጥያቄው በአገውኛ መቀዳት አለበት።

ልጄ ወይም ባለቤቴ በእኔ ፋንታ ቢመልስ ምን ችግር አለው?

ታካሚው መናገር ካቃተው ችግር የለውም፤ መልሱ የአስታማሚ መሆኑ ብቻ ይመዝገብ። መናገር እየቻለ ሲሆን ግን ሁለት ነገር ይጠፋል። አስታማሚ የሚያየውን እንጂ የሚሰማውን አያውቅም፤ ማስመለስን ይቆጥራል፣ የእግር መደንዘዝን ግን ሊያውቅ አይችልም። ሁለተኛው የኀፍረት ጉዳይ ነው። በአገራችን ሴቶችን አብዝተው ከሚያጠቁት ካንሰሮች አንዱ የማሕፀን በር ካንሰር ነው፤ ደም መፍሰስን፣ ፈሳሽንና የግብረ ሥጋ ግንኙነትን የሚመለከት ጥያቄ ወንድ ልጇ ጮክ ብሎ ሲያነብላት «የለብኝም» የማትል እናት ብዙም አትገኝም። ስልኩም ብዙ ጊዜ የባል ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች ከስልክ ይልቅ በቀጠሮ ቀን በሴት ነርስ፣ በተለየ ክፍል መጠየቅ ይመረጣል።

መልሴን ማን ያየዋል?

በደንብ በተደራጀ አሠራር የመጀመሪያዋ አንባቢ በካንሰር ክፍሉ የተመደበች ነርስ ናት። ምልክቱ «ከባድ» ከተባለ ወይም ካለፈው መልስ በሁለት ደረጃ ከከፋ፣ ሥርዓቱ ለነርሷ ማስጠንቀቂያ ይልካል፤ እሷም ደውላ ትመክራለች፣ መድኃኒት እንዲቀየር ሐኪሙን ታነጋግራለች ወይም ታካሚውን ትጠራለች። በኒው ዮርኩ ጥናት ነርሶቹ ከደረሷቸው ማስጠንቀቂያዎች ለ77 በመቶዎቹ እርምጃ ወስደዋል።

ማንም የማያየው መልስ መሰብሰብ ግን ካለመጠየቅ የከፋ ነው። ሕመሙን ነግሮ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

ትኩሳት ቢይዘኝ ቅጹን ሞልቼ ልጠብቅ?

አይጠብቁ። ኬሞ ከወሰዱ በኋላ፣ በተለይ ነጭ የደም ሴሎች በሚቀንሱበት ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሲደርስ በሰዓታት ውስጥ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ድንገተኛ ሁኔታ ነው። የትንፋሽ ማጠር፣ የማይቆም ደም፣ ውኃ እንኳ የማያስቀር ትውከት፣ ራስን መሳትም እንደዚሁ ናቸው። በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ሄደው ኬሞ እየወሰዱ መሆንዎን በር ላይ ይናገሩ። ምች መታኝ ብሎ ማደር ሕይወት ያስከፍላል።

ሕመሜን በሙሉ ብናገር መድኃኒቱን ያቋርጡብኝ ይሆን?

ይህ ፍርሃት ብዙዎችን ዝም ያሰኛል። በእርግጥ መጠኑ የሚቀነስበት ወይም አንድ ዙር የሚዘገይበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ቶሎ የተነገረ ማቅለሽለሽ በማስታገሻ፣ ቶሎ የተነገረ ተቅማጥ በመድኃኒትና በሚጠጣ ንጥረ ነገር ስለሚታከም ሕክምናው እንዳይቋረጥ ይረዳል። በኒው ዮርኩ ጥናት ምልክታቸውን ያሳውቁ የነበሩት ታካሚዎች ኬሞቴራፒን ከሌሎቹ ለረዘመ ጊዜ መቀጠል ችለዋል። ጠበል እየተጠመቁ ወይም የባህል መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነም ይናገሩ፤ የሚጠጣ ቅጠልና ሥር ከኬሞው ጋር ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ምስጢሬ ይጠበቃል?

በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች የሚቆጠር ነው። ለምን እንደሚሰበሰብ፣ ማን እንደሚያየውና የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ሊነገርዎት ይገባል፤ ለምርምር የሚውል ከሆነ ደግሞ ፈቃድዎ ለብቻው ይጠየቃል፤ «አይሆንም» ቢሉ ሕክምናዎ አይጓደልም። በተግባር የማየው ትልቁ ቀዳዳ ግን ከዚህ ቀለል ያለ ነው፦ በነርሶች የግል ስልክ በቴሌግራም የሚላላክ የታካሚ ስምና ፎቶ።

ታካሚው ይከፍላል?

መክፈል የለበትም፤ ጥሪው ከሆስፒታሉ የሚነሣ ወይም በነጻ መስመር የሚስተናገድ ካልሆነ ድሃው መጀመሪያ ይቀራል።

ሆስፒታላችን መጀመር ቢፈልግ ከየት ይነሣ?

ሶፍትዌር ከመግዛት አይነሣ። በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያውን የምታነብ ነርስ በስም ትመደብ፤ በሌለችበት ቀን ማን እንደሚተካት ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ምልክት ምን እንደሚደረግ በአንድ ገጽ ይቀመጥ። ከዚያ በአንድ የካንሰር ዓይነት፣ ለምሳሌ በጡት ካንሰር፣ በጥቂት ታካሚዎችና በ10 ጥያቄዎች ይሞከር። ለብዙ ወራት አንዲት ነርስ በየሳምንቱ ደውላ መልሱን ኮምፒዩተር ላይ ብታስገባ እንኳ ሥራው ተጀምሯል። ታካሚው ለጨረር ወደ አዲስ አበባ ሲላክ የምልክቶቹ ታሪክ ታትሞ ከሪፈር ወረቀቱ ጋር ይሂድ።

እኔ በምታከምበት ቦታ ይህ አሠራር ገና የለም። እስከዚያው ምን ላድርግ?

አንድ ደብተር ይያዙ ወይም ልጅዎን ያስይዙ። ኬሞ የወሰዱበትን ቀን አንደኛ ቀን ብለው ይጀምሩና በየማታው አራት ነገር ያስጽፉ፦ ያስመለሰዎትን ጊዜ ብዛት፣ የሰገራዎን ሁኔታ፣ ሕመሙ ከ10 ስንት እንደሆነ፣ ከቤት ሥራ የቻሉትንና ያልቻሉትን። ቴርሞሜትር ካለ ሙቀቱም ይጻፍ። በቀጠሮዎ ቀን ሐኪሙ ክፍል ሲገቡ ሰላምታ ከመለዋወጥዎ በፊት ደብተሩን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ ያኑሩለት፤ «ተመስገን»ን ከዚያ በኋላ ይበሉ።